የውሻ ቆዳ ማሳከክና አለርጂ፦ መንስኤውን ለይቶ ማከም

ውሻዎ ያለማቋረጥ ሰውነቱን የሚያክ ወይም መዳፉን የሚልስ ከሆነ አስቀድመው ቁንጫን ይጠርጥሩ፤ የቁንጫ ምራቅ አለርጂ የሚሆንበት ውሻ በጥቂት ንክሻ ብቻ የጅራቱን ሥር ነክሶ እስኪያቆስል ድረስ ሊሰቃይ ይችላልና። ፀጉሩን በደቃቅ ማበጠሪያ ያበጥሩና የሚረግፈውን ጥቁር ፍርፋሪ በእርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ ያድርጉት፤ ዙሪያው ቀይ ቡናማ ከሆነ፣ የተፈጨ ደም ያለበት የቁንጫ ኩስ ነው። በዚህ ጊዜ በቤት ያሉትን ውሾችና ድመቶች ሁሉ ማከም ያስፈልጋል፤ ሆኖም ፐርሜትሪን የተባለ ፀረ-ተባይ ኬሚካል ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመትን ስለሚገድል ፈጽሞ አይቀቧት።

ቁንጫ ከሌለ መንስኤው የአበባ ብናኝ፣ የቤት አቧራ ወይም ምግብ ሊሆን ይችላል። የምግብ አለርጂ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚለየው በደም ምርመራ ሳይሆን፣ ውሻው ቀምሶት የማያውቀውን የፕሮቲን ምንጭ ብቻ ለ8 ሳምንታት ያህል በመመገብና ከዚያም የቀድሞውን ምግብ መልሶ በመስጠት ነው፤ በመሐል በርኅራኄ የምትጣልለት አንዲት ቁራሽ ሥጋ የሳምንታቱን ድካም ከንቱ ልታደርግ ትችላለች።

ቆዳው ከሸተተ፣ ካዠ ወይም ከተመለጠ ባክቴሪያ፣ ፈንገስ ወይም እከክ ሊኖር ስለሚችል፣ ለሰው የታዘዘ መድኃኒት ከመሞከር ይልቅ ሳይዘገዩ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት።