ስልክን በድምፅ ማዘዝ፦ በአማርኛ የሚሆነውና የማይሆነው

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮች ይለዩ። በአማርኛ እየተናገሩ ስልኩን ማጻፍ ይቻላል፤ በድምፅ የታዘዘውን የሚፈጽመውን ረዳት፣ ጎግል አሲስታንትን፣ በአማርኛ ማዘዝ ግን አይቻልም። ብዙ ሰው «ስልኬ አይሰማኝም» ብሎ የሚማረረው ሁለቱን ቀላቅሎ ነው። የአይፎኑ ሲሪም አማርኛ አያውቅም።

ለማጻፉ የጎግል ኪቦርድ፣ ጂቦርድ፣ ያስፈልጋል። መልእክት መጻፊያው ላይ ኪቦርዱን ከፍተው የማርሽ ቅርጽ ያላትን ምልክት ይንኩ፤ ላንጉጅስ፣ ቀጥሎ አድ ኪቦርድ ገብተው አማርኛን ይምረጡ። ቮይስ ታይፒንግ (በድምፅ መጻፊያው) መብራቱንም ወደ ጂቦርድ ሴቲንግ ተመልሰው ያረጋግጡ። ከዚያ ስፔሱን ተጭነው በመያዝ ወደ አማርኛ ይቀይሩ፣ ማይኳን ይንኩ፣ ይናገሩ። «ነገ ጠዋት ደብረ ሲና መናኸሪያ ጠብቀኝ» ሲሉ ፊደሉ ከሥር ከሥር ይከተላል። ቃል በቃል አይቆራርጡ፤ ሐሳቡን በአንድ ትንፋሽ ሲጨርሱለት የተሳሳተውን ቃል ራሱ የሚያርምበት ጊዜ አለ። አራት ነጥቡን በእጅ ይጨምሩ። ማይኳ አልሠራ ካለች አብዛኛውን ጊዜ ፈቃድ ተከልክላ ነው፦ ሴቲንግ፣ አፕስ፣ ጂቦርድ፣ ፐርሚሽን፣ ማይክሮፎን ገብተው ይፍቀዱ።

ለማዘዙ ጎግል አፕን ከፍተው ፎቶዎን ይንኩ፤ ሴቲንግስ፣ ጎግል አሲስታንት፣ ቮይስ ማች ገብተው «ሄይ ጎግል»ን ያብሩና ድምፅዎን ያስለምዱት። አንዳንድ ስልክ ላይ የአሲስታንትን ቦታ ጀሚናይ የሚባለው አዲሱ የጎግል ረዳት ይዞታል። ባትሪ ሴቨር ከበራ ሲጠሩት ዝም ይላል። ትእዛዙ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አጭር ይሁን፦ «ኮል ማዘር»፣ «ተርን ኦን ዘ ፍላሽላይት»።

«ማዘር» ያልነው በምክንያት ነው። እንግሊዝኛ የለመደ ጆሮ ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ የሚባሉትን ድምፆች አይለያቸውም፤ «ጽጌ» ወይም «ጥላሁን» ቢሉት ሌላ ሰው ጋ ሊደውል ይችላል። አዘውትረው የሚደውሉላቸውን ሰዎች በላቲን ፊደል፣ ማዘር፣ ፋዘር፣ ብራዘር እያሉ ኮንታክት ላይ ያስቀምጡ።

ዋናው ወጥመድ ሰዓቱ ነው። ለሌሊት 11 ሰዓት መኪና ሊነሱ አስበው «ኢለቨን» ካሉት ባላሰቡት ሰዓት ይጮኻል፤ መባል ያለበት «ሴት አን አላርም ፎር ፋይቭ ኤኤም» ነው። ከ7 እስከ 12 ላለው 6 ይቀንሱ፣ ከ1 እስከ 6 ላለው 6 ይደምሩ። ቀኑንም በፈረንጅ ስለሚቆጥር ለሚካኤል አስታውሰኝ ብለው 12 ቢሉት አይገጥምም፤ ዕለቱን፣ «ሳተርደይ» ብለው፣ ይንገሩት።

ደብረ ብርሃን ላይ ነፋሱ ራሱ ማይኩን ያደነቁራል። ጀርባዎን ለነፋሱ ሰጥተው፣ ስልኩን ከአፍዎ አንድ ስንዝር ያህል አርቀው ይናገሩ። ስልኩን በርኖስ ሥር ይዘው አይናገሩ፤ ጨርቁ ድምፅ ያፍናል፣ የሱፉ ብናኝም ቻርጀር መሰኪያው አጠገብ ያለችውን የማይክ ቀዳዳ ይደፍናታል። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይጥረጓት እንጂ በመርፌ አይጎርጉሯት። መጽዳቷን ለማወቅ በድምፅ መቅጃው ጥቂት ቀድተው ያዳምጡ።

ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ወይም ኔትወርክ በሌለበት ቁልቁለት ላይ ማጻፉ እምቢ ካለ አይታገሉት። ቴሌግራም ላይ ማይኳን ተጭነው ወደ ላይ ይጎትቷት፤ ትቆለፋለች፣ እጅዎ ነፃ ሆኖ ይናገራሉ። ሲጨርሱ ይላኩት፤ ኔትወርክ ሲመለስ ራሱ ይሄዳል።