«እንባ» ሲል እንባ አታሳዩ፦ ክሊፕ የሚያበላሹ የኤዲቲንግ ስህተቶች

ግጥሙን በምስል መድገም። ዘፋኙ «እንባዬ» ሲል እንባ፣ «ባቡር» ሲል ባቡር፣ «ደብዳቤ» ሲል ደብዳቤ። ይህን የማይሠራ ጀማሪ የለም፤ የሚያናድደው ግን ስንት ክሊፕ የሠሩትም አለመተዋቸው ነው። ተመልካቹ ቃሉን በጆሮው ሰምቶታል። ያንኑ በዓይኑ ስትደግሙለት የጨመራችሁለት ነገር የለም። በአማርኛ ዘፈን ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ግጥሙ ሰምና ወርቅ ካለው፣ ሰሙን በምስል ያሳያችሁ ዕለት ወርቁን ቀበራችሁት። ገጣሚው «እሷ» ያለው አገሩን ሊሆን ይችላል፤ «አገሬ» ያለውም ሴት ልትሆን ትችላለች። አድማጩ ይህን እያመላለሰ እንዲያስብ ነበር የታሰበው፤ እናንተ ባንዲራ ስትለጥፉበት ጨዋታው አለቀ።

ኤዲት ከመጀመራችሁ በፊት ግጥሙን በወረቀት ላይ አስፍሩ፤ ከየስንኙ ጎን ዘፋኙ ያላለውን ነገር ጻፉ። «ትመጣለች» ካለ ሁለት ሲኒ ቡና ተቀድቶ አንዱ ሳይነካ ሲቀዘቅዝ አሳዩ። ቃሉ ተስፋ ያደርጋል፣ ምስሉ ይጠራጠራል፤ መሃል ላይ ያለውን ተመልካቹ ራሱ ይሞላዋል። የልጆች መዝሙር ከሆነ ግን «ድመት» ሲል ድመት ይሁን፤ እዚያ ቦታው ነው።

ሁለተኛው፣ ፊት ሲመርጡ በጣም የተወነውን መምረጥ። የሩሲያው የፊልም ሰው ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት ኢቫን ሞዡኪን የተባለውን ተዋናይ አንድ ዓይነት፣ ስሜት የማይነበብበት ፊት ወስዶ አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ጎን ቀጠለው። ተመልካቾቹ ረሃቡንና ሐዘኑን እንዴት አድርጎ ተወነው ብለው እንዳደነቁ ይነገራል። ፊቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጎረቤቱ ነው። ስለዚህ ዘፋኟ ዝም ብላ የምታይበትን፣ «አክሽን» ከመባሉ በፊት ወይም «ከት» ከተባለ በኋላ ካሜራው የያዘውን ትርፍ ምስል አትጣሉት። ብዙ ጊዜ ምርጡ ፊት እዚያ ነው። ፊት፣ የታየው ነገር፣ እንደገና ፊት አድርጋችሁ ቀጥሉት፤ ለመጨረሻው ፊት ሁለት ሰከንድ ያህል ስጡት። ቶሎ ከቆረጣችሁት ተመልካቹ ስሜቱን ለመጫን ጊዜ አያገኝም።

ቅደም ተከተሉንም አትናቁ። ፈገግታ፣ የተቀደደ ፎቶ፣ የተኮሳተረ ፊት ብትሉ ሰውየው ተጎድቷል። ሦስቱን ሾቶች (በሁለት ቁርጥ መሃል ያሉትን ምስሎች) ገልብጣችሁ ከተኮሳተረው ብትጀምሩ ተገላግሏል። ምስሎቹ እነዚያው ናቸው።

በየምቱ መቁረጥ። በደቂቃ 120 ምት ያለው ዘፈን አንድ ምቱ ግማሽ ሰከንድ ነው፤ በየምቱ ከቆረጣችሁ በደቂቃ 120 ሾት ልታሳዩ ነው ማለት ነው። ትንሽ ቆይቶ ተመልካቹ ቁርጡን ቀድሞ ያውቀዋል፤ ቀድሞ የታወቀ ቁርጥ ደግሞ ምንም አይናገርም። ዋልተር መርች የተባለው ታዋቂ ኤዲተር ለጥሩ ቁርጥ መመዘኛ ሲያስቀምጥ ለስሜት 51 በመቶ፣ ለታሪክ 23 ሲሰጥ ለሪትም የሰጠው 10 ብቻ ነው። በስንኝ መጀመሪያ፣ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ፣ ወይም ዓይኑን ሲያዞር ቁረጡ፤ የምቱን ቁርጥ ለአዝማቹ አቆዩት። ምት ላይ ስትቆርጡም አንድ ወይም ሁለት ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራባቸው ነጠላ ምስሎች) ቀደም በሉ፣ ዓይን አዲስ ምስል ለመያዝ ጥቂት ጊዜ ይፈልጋልና። በሰከንድ 25 ፍሬም በሚሄድ ፕሮጀክት ላይ የዚህ ዘፈን አንድ ምት 12 ፍሬም ተኩል ስለሆነ 12 እየቆጠራችሁ ከሄዳችሁ በስምንት ምት ውስጥ አራት ፍሬም ትስታላችሁ። ማርከሩን (የመቁረጫውን ምልክት) በድምፁ ሞገድ ላይ እያያችሁ አኑሩ።

ለጭፈራ ደግሞ የባሰ ነው። እስክስታ ትከሻው ጀምሮ እስኪጨርስ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ መሃሉ ላይ ቆርጣችሁ ወደ መኪና ጎማ ከሄዳችሁ ጨፋሪዋ ምን እንዳደረገች ማንም አያይም። ትከሻ ከወገብ በላይ ይያዝ፣ ጉራጊኛ ግን እግሩን ካላያችሁ ምን ቀረው? ከአንዱ ካሜራ ወደ ሌላው መሄድ ካለባችሁ እንቅስቃሴው መሃል ላይ፣ እጅ እየወጣ ሳለ ቁረጡ፤ ቁርጡ ይሰወራል።

ሁለት ዘፋኞች ተያይተው ሲዘፍኑ አንዷ ወደ ቀኝ ካየች ሌላው ወደ ግራ ማየት አለበት። ሁለቱም ወደ ቀኝ ካዩ ተፋጠው ሳይሆን ሌላ ሦስተኛ ሰው እያዩ ይመስላሉ። አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላዋ ዋሽንግተን ሆነው በሚቀረጹ ቅብብሎሽ ዘፈኖች ይህ በጣም ያጋጥማል፤ ለሁለቱም ቀራጮች አቅጣጫውን አስቀድማችሁ ጻፉላቸው። ምስሉን ገልብጬ አስተካክላለሁ ስትሉ ከጀርባ ያለው የሱቅ ጽሑፍ ተገልብጦ ይነበባል፣ የማሲንቆው ደጋንም ወደ ግራ እጅ ይሄዳል።

ከፕላግኢን (ኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ላይ ከሚጫን ተጨማሪ) የመጣ የሚሽከረከር ትራንዚሽን፣ ማለትም ከሾት ወደ ሾት መሸጋገሪያ፦ ተዉት።

የላሊበላን የድሮን ምስል አሳይታችሁ ቀጥሎ የሆቴል ክፍል ብታስገቡ ተመልካቹ ክፍሉ ላሊበላ ያለ ይመስለዋል፤ ካልፈለጋችሁት አታጎራብቷቸው።

አንዱን ሾት ትንሽ አጉልቶ እንደ ሁለተኛ ካሜራ መጠቀምም አለ። በ110 ወይም 120 በመቶ ማጉላት ምስሉ የዘለለ ያስመስለዋል። በፎርኬ (በወርድም በቁመትም የፉል ኤችዲ እጥፍ በሆነ ምስል) ተቀርጾ ፕሮጀክቱ ፉል ኤችዲ ከሆነ እስከ 200 በመቶ ጥራት ሳይጠፋ መሄድ ይቻላል፤ ወይ በደንብ አጉሉ ወይ እንዳለ ተዉት።

ስሎው ሞሽን ላይ ከንፈርና ድምፅ ሲለያይ ኤዲተሩ ይወቀሳል፤ ጥፋቱ ግን ቀረጻ ላይ ነው። 25 ፍሬም ፕሮጀክት ላይ በግማሽ ፍጥነት የሚታይ ዘፋኝ ከፈለጋችሁ ካሜራው በ50 ፍሬም ይቅረጽ፣ ዘፈኑም ቀረጻው ቦታ ላይ በእጥፍ ፍጥነት ተከፍቶ ዘፋኙ ያንን ተከትሎ ይዝፈን። ሾቱን ወደ 25 ስታወርዱት ከንፈሩ ከዋናው ዘፈን ጋር ይገጥማል፣ ፀጉሩና ነጠላው ግን በዝግታ ይንሳፈፋሉ። ፈጠን ያለውን የዘፈኑን ቅጂ ከቀረጻው በፊት አዘጋጅታችሁ ለዳይሬክተሩ ስጡት።