ሜትሮ ሴንተር ላይ ባቡር እንዴት እንደሚቀየር

ከዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳሉ ዘመዶችዎ በባቡር መሄድ ይችላሉ። የሚቀይሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም መሃል ከተማ፣ ሜትሮ ሴንተር ላይ። እንግዳ ሰው ግራ የሚጋባውም እዚያው ስለሆነ፣ በመጀመሪያ የጣቢያውን አሠራር ልንገርዎ።

ጣቢያው ሁለት ፎቅ ነው፤ ሁለቱም ከመሬት በታች። ላይኛው ላይ ቀዩ መስመር በጂ ጎዳና ስር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያልፋል። ታችኛው ላይ ሰማያዊው፣ ብርቱካናማውና ብርማው መስመር በ12ኛው ጎዳና ስር ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለሚያልፉ፣ ሁለቱ ፎቆች መስቀል ሠርተዋል። ታች መሳፈሪያው አንድ ሆኖ መሃል ላይ ነው፤ ሐዲዱ በግራና በቀኙ ያልፋል። ላይ ግን ሐዲዱ መሃል ሆኖ መሳፈሪያው ለሁለት ተከፍሏል። ስለዚህ ታች የተሳሳተ ሰው ዞር ማለት ይበቃዋል። ላይ የተሳሳተ ግን ተመልሶ ወርዶ በሌላኛው ደረጃ መውጣት አለበት።

አሁን ጉዞውን እንጀምር። ዳለስ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን ካርድ ይግዙ። ሂሳቡ በርቀት ስለሚታሰብ ካርዱ ሲገቡም ሲወጡም ይነካል፤ እንዳይጥሉት። ከዚያ ወደ ከተማ የሚሄደውን የብርማውን መስመር ባቡር ይያዙ። አሽበርን የሚል ከሆነ አይሳፈሩ፤ ከከተማው ያርቅዎታል።

ሜትሮ ሴንተር ሲወርዱ፣ ተንቀሳቃሹን ደረጃ ከመርገጥዎ በፊት ቆም ብለው ምልክቱን ያንብቡ። የሚፈልጉት ላይኛው ፎቅ ላይ ያለውን ቀዩን መስመር፣ «ግሌንሞንት» የሚለውን ነው። «ሜሪላንድ ነው የምሄደው» ማለት አያዋጣም፤ ቀዩ መስመር ሜሪላንድ ተነስቶ ከተማውን አቋርጦ መልሶ ሜሪላንድ ስለሚያበቃ፣ በተቃራኒው የሚሄደው የሼዲ ግሮቭ ባቡርም መጨረሻው እዚያው ነው። ዘመዶቼን በስልክ አጥብቄ የማሳስባቸው ይህን ነው፦ የመስመሩን ቀለም ብቻ ሳይሆን የመጨረሻውን ጣቢያ ስም ይያዙ። መንገድ ላይ ካርድ የሚነካበት በር ካጋጠመዎት ወደ መውጫው እየሄዱ ነውና ይመለሱ።

ላይ ከደረሱ በኋላ መሃል አካባቢ ይቁሙ። መሳፈሪያው 183 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ለ8 ፉርጎ ባቡር ነው፤ ባለ 6 ፉርጎ ሲመጣ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ሮጦ ነው የሚደርሰው። ጠርዙ ላይ ያሉት መብራቶች ብልጭ ድርግም ሲሉ ባቡሩ እየገባ ነው።

እስከዚያው ቀና ብለው ጣሪያውን ይዩ። አርክቴክቱ ሃሪ ዊስ ነው። ያለ ምሰሶ የተዘረጋው ቅስት፣ ከታች ወደ ላይ በሚበራ ብርሃን ሲታይ ጣቢያውን ከዳር እስከ ዳር ወለል አድርጎ ያሳያል፤ ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የቀዩ መስመር ክፍል የተከፈተው እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1976 ነው። ያን ቀን በመላው ከተማ የነበሩት ጣቢያዎች 5 ብቻ ነበሩ። ታችኛው ፎቅ በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ተከተለ።

የሚቀጥለው ጣቢያ ጋለሪ ፕሌስም አብሮ ሊከፈት ነበር። አካል ጉዳተኞች የሚጠቀሙበት ሊፍት ስላልተዘጋጀለት ግን ፍርድ ቤት አገደው፤ የተከፈተው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ነው። እናትዎ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ዛሬ በሊፍት የሚወጡት እንዲህ ተታግለው ላስከበሩት ሰዎች ምስጋና ይግባቸውና ነው። ጉዞዎ ወደ ዩ ጎዳና ከሆነ ደግሞ ጋለሪ ፕሌስ ወርደው አረንጓዴውን መስመር፣ ግሪንቤልት የሚለውን ይያዙ።

ለሲልቨር ስፕሪንግ ግን አይውረዱ፤ ከሜትሮ ሴንተር 9ኛው ጣቢያ ነው። ከዩኒየን ስቴሽን በኋላ ባቡሩ ከመሬት በላይ ስለሚወጣ የመንገዱን ምልክት በመስኮት ማየት ይችላሉ። ታኮማ ሲባል ሻንጣዎን ይያዙ፤ ቀጣዩ የእርስዎ ነው።