ያነሳችሁትን ጥቁርና ነጭ ፊልም ቶሎ የማታጥቡት ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት

ሮሉን አንስታችሁ ጨርሳችሁ ለማጠብ ጊዜ ካጣችሁ ወይ ኬሚካል እስኪመጣላችሁ የምትጠብቁ ከሆነ ፊልሙን መሳቢያ ውስጥ፣ በተለይ ደግሞ መኪና ውስጥ አትተዉት። በመጣበት የፕላስቲክ ዕቃ ክደኑትና ዚፕ ያለው ላስቲክ ውስጥ ከታችሁ አየሩን ጨመቅ አድርጋችሁ አስወጡ፣ ከዛ ፍሪጅ። ላስቲኩ ላይ ቀኑንና ያነሳችሁበትን አይኤስኦ (የፊልሙ ለብርሃን ያለው ስሜት ቁጥር) በማርከር ጻፉበት፣ 400ውን ፊልም 800 አድርጋችሁ ካነሳችሁት 800 ብላችሁ ጻፉ ምክንያቱም የማጠቢያው ደቂቃ በሱ ነው የሚወሰነው።

የሚሰራው ለምን መሰላችሁ፣ ብርሃን ያረፈበት ቦታ ላይ ያለው ምስል ገና ሳይታጠብ በጣም ጥቃቅን የብር ነጠብጣብ ብቻ ነው፣ ሙቀትና እርጥበት ደግሞ ቀስ በቀስ ያጠፉታል። መጀመሪያ የሚሄደው ጥላው ውስጥ ያለው ዝርዝር ነው፣ የጠቆረ ፀጉር ወይ የጋቢ እጥፋት የመሰለው ነገር ማለት ነው፣ አንዴ ከጠፋ ደግሞ ዲ-76ም ሆነ ሌላ ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው የማጠቢያ ኬሚካል) አይመልሰውም። ቅዝቃዜው ይሄን ያዘገየዋል።

ስታወጡት ግን ላስቲኩን ወዲያው እንዳትከፍቱ! አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ውጪ ይቆይ፣ ካልሆነ ጤዛ ይይዝና ስፓይራሉ (ፊልሙ ለማጠብ የሚጠመጠምበት ጥቅል) ላይ ስትጠመጥሙት ይጣበቅባችኋል። በደንብ ማሸግ ካልቻላችሁ ፍሪጅ ባታስገቡት ይሻላል፣ በተለይ 120 የሚባለው ከወረቀት ጋር የተጠቀለለው ሰፊ ፊልም ወረቀቱ እርጥበት ይስባል። ኢልፎርድ ፓን ኤፍ ፕላስ በሚባለው ፊልም ያነሳችሁ ደግሞ በዚህ አትተማመኑ፣ አምራቹ ራሱ በ3 ወር ውስጥ እጠቡት ነው የሚለው።