ኪኒኑን እየዋጡ ድካሙ አልለቅ ሲል፦ በታይሮይድ ምርመራ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

የጎደለውን የታይሮይድ ሆርሞን የሚተካውን ኪኒን፣ ሌቮታይሮክሲንን፣ ከጀመራችሁ ወራት አልፈዋል። ግን አሁንም ጠዋት መነሣት ዳገት ነው፣ ፀጉር ይነቃቀላል፣ ሆድ ይደርቃል፣ በጎንደር ክረምት ጋቢ ደርባችሁም ብርዱ ከአጥንት አይወጣም። ላብራቶሪው ደግሞ «ኖርማል ነው» ይላል። እዚህ ላይ አንዳንዱ ተስፋ ቆርጦ ኪኒኑን ይተዋል፣ አንዳንዱ በራሱ ዶዝ ይጨምራል። ሁለቱም አያዋጣም። መጀመሪያ ምርመራው ራሱ በትክክል መሠራቱን እንይ።

ዶዝ በተቀየረ በሁለት ሳምንት መመርመር

ሌቮታይሮክሲን ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ደም ውስጥ ያለው ግማሹ እስኪወጣ ብቻ 7 ቀን ገደማ ይፈጃል፣ ቲኤስኤች (ታይሮይድን የሚያዘው የፒቱታሪ ሆርሞን፣ የታይሮይድ ሆርሞን ሲጎድል ከፍ የሚለው) ደግሞ ከእሱም ይዘገያል። ስለዚህ ዶዝ ከተቀየረ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት መጠበቅ ነው። ከዚያ በፊት የሚወጣ ውጤት ሐኪሙንም ያሳስታል፣ ብራችሁንም ይበላል። የኪኒኑ ፋብሪካ ሲቀየርም እንደዚሁ ነው፤ ፋርማሲው የሌላ አገር ምርት ከሰጣችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩና በዚሁ ጊዜ ልክ ተመርመሩ።

ኪኒኑን ውጦ ደም መስጠት

ከደባርቅ ወይም ከአይከል በሌሊት ተነሥቶ የሚመጣ ሰው ኪኒኑን መኪና ላይ ውጦ ይመጣል። ችግሩ፣ ከዋጡ በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ፍሪ ቲ4 (ደም ውስጥ ነፃ ሆኖ የሚዘዋወረው የታይሮይድ ሆርሞን) ከፍ ይላል። ውጤቱ ያምራል፣ ሰውነት ግን እንደደከመ ነው። ኪኒኑን በኪስ ያዙት፣ ደም ስጡ፣ ከዚያ ዋጡ። ቲኤስኤች ሌሊትና ማለዳ ላይ ከፍ፣ ከሰዓት በኋላ ዝቅ ስለሚል፣ ከተቻለ ሁልጊዜ በአንድ ላብራቶሪ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ተመርመሩ። የጠዋቱንና የማታውን ውጤት አነጻጽሮ «ወረደልኝ» ማለት ራስን ማታለል ነው።

ቡናውን፣ ጾሙንና ሌላውን መድኃኒት ለሐኪም አለመንገር

የብዙ ሰው ችግር እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ኪኒኑ በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ነው የሚዋጠው። ከዚያ ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ቢቻል 1 ሰዓት ምንም አይቀመስም፣ ቡናም ጭምር። ኧረ አንድ ስኒ ምን ያደርጋል እንዳትሉ፤ ቡና መድኃኒቱ ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሰዋል። የብረትና የካልሲየም ኪኒን የባሰ ነው፣ የ4 ሰዓት ልዩነት ይፈልጋሉ። ለጨጓራ የሚሰጠው ኦሜፕራዞልም፣ እኛ ዘንድ የማይጠፋው የጨጓራ ባክቴሪያም መድኃኒቱን ያዳክማሉ፣ ጨጓራ ካለባችሁ አትደብቁ።

ጾም ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በሁዳዴ ወይም በረመዳን ኪኒኑን እርግፍ አድርጎ የተወ ሰው ቀጠሮው ሲደርስ ጥቂት ቀን በትጋት ይውጣል። ያኔ ፍሪ ቲ4 ጥሩ ይሆናል፣ ቲኤስኤች ግን እንደተሰቀለ ይቀራል። ሐኪሙ ይህን ካላወቀ ዶዝ ሊጨምር ይችላል፣ ሰውየው የቸገረው ግን ዶዝ አልነበረም። ማታ ከእራት 3 ሰዓት ያህል ቆይቶ መዋጥም ይቻላል፤ ሰዓቱን ከሐኪማችሁ ጋር አስተካክሉና ሳታቋርጡ ቀጥሉ።

ቲኤስኤች ብቻ አይቶ መዝጋት

ለአብዛኛው ሰው ቲኤስኤች በቂ ነው፣ ብዙ ላብራቶሪዎች ከ0.4 እስከ 4 ገደማ ያለውን ጤነኛ ይሉታል። ስሜቱ ካልተሻለ ግን ፍሪ ቲ4 አብሮ ይታይ። ጠቅላላው ቲ4 በእርግዝናና በወሊድ መከላከያ ኪኒን ምክንያት ከፍ ስለሚል ፍሪው ይሻላል። በተለይ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት፣ ከዚያ በኋላ ጡቷ ወተት ያልያዘ፣ የወር አበባዋም ያልተመለሰ እናት ይህን ታሪክ ሳትናገር እንዳትወጣ። ጭንቅላት ውስጥ ያለችው ትንሿ እጢ፣ ፒቱታሪ፣ ተጎድታ ከሆነ ቲኤስኤች ኖርማል መስሎ ይታያል፣ ቲ4 ግን ዝቅ ያለ ነው። ያኔ ዶዙ የሚለካው በፍሪ ቲ4 ነው።

ያለውን ምርመራ ሁሉ ማዘዝ

የታይሮይድ ፀረ እንግዳ አካል ምርመራ አንዴ ከወጣ በቃ፣ በየቀጠሮው መድገም ሕክምናውን አይቀይርም። ሪቨርስ ቲ3 የሚባለውንም ተዉት። አዮዲን ያለበት ጨው ወጥ ላይ ይግባ፣ እንቅርት በበዛበት አገር ግድ ነው፤ አዮዲን በኪኒን መጨመር ግን የኪኒናችሁን ቦታ አይተካም፣ አንዳንዴም ያባብሳል።

የፀጉር ቫይታሚን እየወሰዱ መመርመር

ባዮቲን ያለበት የፀጉርና የጥፍር ቫይታሚን በብዙ ማሽኖች ላይ ቲኤስኤችን በሐሰት ዝቅ፣ ቲ4ን በሐሰት ከፍ ያደርጋል። ዶዛችሁ የበዛ ይመስልና ይቀነሳል። ከምርመራው ቢያንስ 2 ቀን በፊት አቁሙት፣ ብዙ ከሆነ ከዚያም ቀደም ብላችሁ።

ድካምን ሁሉ በታይሮይድ ማሳበብ

ቲኤስኤችም ፍሪ ቲ4ም በትክክል ተለክተው ደህና ከሆኑ ሌላ ቦታ ፈልጉ። የደም ማነስ፣ ፌሪቲን (የሰውነት የብረት ክምችት መለኪያ)፣ ቢ12፣ ስኳር፣ እንቅልፍ፣ ድብርት። ፌሪቲን ሄሞግሎቢን ኖርማል ሆኖም ሊያልቅ ይችላል። ቢ12 ደግሞ ሥጋና ወተት ለረጅም ጊዜ ለሚጾም ሰው መታየት አለበት። ክብደት እየቀነሰ፣ ሲነሡ ራስ እያዞረ፣ ቆዳ እየጠቆረ፣ ጨው ጨው የሚያሰኝ ከሆነ ግን ዶዝ ከመጨመሩ በፊት ኮርቲሶል (ከኩላሊት በላይ ያሉት እጢዎች የሚያመነጩት ሆርሞን) ይለካ። ኮርቲሶል ሲጎድል ዶዝ መጨመር አደገኛ ነው።

ካረገዙ በኋላ የድሮውን ቀጠሮ መጠበቅ

ማርገዛችሁን ባወቃችሁ ቀን ሐኪማችሁ ጋር ሂዱ ወይም ደውሉ። የመድኃኒቱ ፍላጎት አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 30 በመቶ ይጨምራል፣ እስከ እርግዝናው አጋማሽ ድረስም ቲኤስኤች በየ4 ሳምንቱ ይለካል።