ጥልቅ ጉድጓድ አሸዋ እንዳያወጣ ምን ይደረግ?

አሸዋ የሚያወጣ ጉድጓድ ፓምፕ ይጨርሳል። ታንከሩንም ይሞላል። አሸዋው ከበዛ ከኬሲንጉ (የጉድጓዱን ግድግዳ ከሚይዘው ቧንቧ) ጀርባ ያለው አፈር ራሱ ይናዳል። ውሃ የሚገኘው ከተሰነጠቀ ባዛልት ከሆነ ብዙም አያሰጋም። በስምጥ ሸለቆ የሐይቅ ደለል ውስጥ ሲቆፈር ግን ከመጀመሪያው ሊታሰብበት ይገባል።

ሲቆፈር ውሃ ካለበት ንብርብር ናሙና ውሰዱ። አድርቃችሁ በወንፊት ለዩትና በክብደት ግማሹ የሚያልፍበትን መጠን ያዙ፤ የአሸዋው መካከለኛ መጠን እሱ ነው።

ትልቁ ሥራ ጠጠርና ስክሪን መምረጥ ነው። ስክሪን ውሃ የሚያስገቡ ጠባብ ክፍተቶች ያሉት ቧንቧ ነው፤ ጠጠሩ ደግሞ በስክሪኑና በጉድጓዱ ግድግዳ መሐል ይሞላል። የጠጠሩ መካከለኛ መጠን የአሸዋውን ከ4 እስከ 6 እጥፍ ይሁን። አሸዋው 0.4 ሚሊ ሜትር ከሆነ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ጠጠር ይበቃዋል። ጠጠሩ ከዚያ ከተለቀ አሸዋው በመሐሉ ሰተት ብሎ ይገባል። በጣም ከደቀቀ ደግሞ ውሃውን ያንቃል። የስክሪኑ ክፍተት ከጠጠሩ 90 በመቶውን መያዝ አለበት። ስለዚህ ስክሪን የሚገዛው ጠጠሩ ከታወቀ በኋላ ነው።

ተራ ቧንቧ በኦክሲጅን ቀዶ ስክሪን ማድረግ የተለመደ ነው። እኔ በፍጹም አልመክርም። ክፍተቱ ሰፊና ወጣ ገባ ስለሚሆን ጠጠሩን ራሱን ያስገባል። የተረፈው ብር አንድ ፓምፕ ሲቃጠል ያልቃል።

የካባ ጠጠርም ይቅርባችሁ። የታጠበ፣ ክብ፣ ጠንካራ የወንዝ ጠጠር ፈልጉ። ስክሪኑ መሐል እንዲቆም አድርጋችሁ ጠጠሩን ቀስ ብላችሁ በቀጭን ቧንቧ አውርዱ። ምን ያህል እንደሚገባ አስቀድማችሁ አስሉ። ካሰላችሁት በታች ገብቶ ከሞላ መሐል ላይ ተሰክቷል፤ ከሥሩ ባዶ ቦታ አለ ማለት ነው።

ከዚያ በኮምፕሬሰር እጠቡ። ውሃውን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ መሳብ ደቃቁን አሸዋ እርስ በርሱ ያስደግፈዋል እንጂ አያጸዳውም። አየሩን እየለቀቃችሁና እያቆማችሁ ውሃውን ወዲያና ወዲህ አናውጡት። ጠጠሩ ሲሰምጥ ጨምሩ። ቋሚውን ፓምፕ ለማጠቢያ አትጠቀሙበት።

ፓምፑ ሲነሣ የሚወጣውን የመጀመሪያ ውሃ በባልዲ ቀድታችሁ አስቀምጡ። አሸዋ በብዛት የሚመጣው ያኔ ነው። ከታየ ቫልቩን አጥብባችሁ መጠኑን ቀንሱ። ፓምፑን ቶሎ ቶሎ ማብራትና ማጥፋትም ተዉ። በዚህ ካልቆመ ፓምፑ ይውጣና ኬሲንጉ በካሜራ ይታይ። ላይ የሚገጠም አሸዋ መለያ መስመሩን ያድናል፤ ፓምፑን ግን አያድንም።