የዓመቱን አልበሞች አፋጥጦ ደረጃ ማውጣት

የፈረንጆቹ ዓመት ሊያልቅ ሲል ሁሉም የአልበም ምርጥ አስር ያወጣል። ብታስተውሉት ግን ግማሹ ዝርዝር ከአንድ ቦታ የተቀዳ ነው የሚመስለው። ያው አምስት ስም ነው፤ አንዱ ጋ 2ኛ የነበረው ሌላው ጋ 4ኛ ሆኖ ይመጣል፣ በቃ። የሰዉ ጆሮ አንድ ዓይነት ስለሆነ አይመስለኝም። ብዙው ሰው "የትኛውን ወደድኩ?" ከማለቱ በፊት "የትኛውን ባስገባ ሙዚቃ ያውቃል እባላለሁ?" ስለሚል ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ አልደራደርም፤ ዝርዝሩ የእናንተ ከሆነ የወደዳችሁት ይግባ። ብቻ መውደዳችሁን ፈትኑት። ቀጥሎ የምጽፈው ሁሉ ስለ ፈተናው ነው።

መጀመሪያ ሕጉ

ማን ይወዳደራል የሚለውን ቁጭ ብላችሁ ወስኑ፤ ጻፉትም። አልበም ብቻ ነው? ኢፒስ (ከአልበም አጠር ያለው፣ ጥቂት ዘፈን ብቻ የያዘው) ይገባል? ነጠላ ዜማን ከአልበም ጋር በአንድ ዝርዝር አትቀላቅሉ። አንዱ የሚይዛችሁ 4 ደቂቃ ነው፣ ሌላው ግን 40 ደቂቃ ሙሉ ይዟችሁ መቆየት አለበት። ዴሉክስ (ዘፈን ተጨምሮበት በድጋሚ የወጣ)፣ ሪማስተር (የድሮው ድምፁ ታድሶ የወጣ) እና የላይቭ ቅጂ እኔ ጋ አይገቡም። ነጠላ ዜማው አምና ወጥቶ አልበሙ ዘንድሮ ከወጣ፣ አልበሙ የዘንድሮ ነው፤ አለቀ። የአሜሪካኑን የሙዚቃ ሽልማት የግራሚን አቆጣጠር አትከተሉ፤ የእነሱ የውድድር ጊዜ በአንዱ ዓመት ጀምሮ በሚቀጥለው ነው የሚያበቃው።

መዝጊያ ቀንም ቁረጡ። እኔ የምላችሁ ዓመቱ ሳያልቅ አትዝጉ ነው። ቢዮንሴ በራሷ ስም የሰየመችውን አልበም ያለ ምንም ማስታወቂያ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 13 ቀን 2013 ድንገት ስትለቀው፣ ብዙ መጽሔቶች የዓመቱን ምርጥ አውጥተው ጨርሰው ነበር። በዓመቱ ደግሞ የአር ኤንድ ቢ ዘፋኙ ዲአንጀሎ ወደ 15 ዓመት ገደማ አልበም ሳያወጣ ቆይቶ ዲሴምበር 15 ቀን 2014 ብቅ አለ። መጽሔት የሚያስቸኩለው ነገር አለው፣ ማስታወቂያ አለ፣ ማተሚያ ቤት አለ። እናንተን ማን አስቸኮላችሁ? ጃንዋሪ ላይ አውጡት።

ዓመቱን ሙሉ የሚሠራው ሥራ

ዝርዝሩን ዲሴምበር ላይ ከባዶ ከጀመራችሁ አብዛኛውን ነገር ረስታችኋል። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 10 ቀን 2015 ወዲህ አዲስ ሙዚቃ በአብዛኛው ዓለም አርብ አርብ ነው የሚወጣው። ከዚያ በፊት አሜሪካ ማክሰኞ፣ እንግሊዝ ሰኞ፣ እያለ አገር ለአገር ይለያይ ነበር። አንድ ቀን መሆኑ ለእኛ ተመችቶናል። ቅዳሜና እሁድ አዳምጣችሁ ስልካችሁ ላይ ባለች አንዲት ማስታወሻ ውስጥ አንድ መስመር ጣል አድርጉ።

መስመሯ ግን "አሪፍ ነው" የምትል ከሆነ ባትጽፏት ይሻላል። ከወራት በኋላ ምንም አትነግራችሁም። እንዲህ ስትሆን ነው የምትጠቅመው፦

"4ኛው ትራክ፣ 2:10 ላይ ድራሙ ጠፍቶ ቤዝና ድምፅ ብቻ ሲቀሩ። ከ7 እስከ 9 ያሉት ማሟያ ናቸው። መጨረሻው ቶሎ ተቆረጠ።"

ይቺን ስታነቡ አልበሙ ጆሯችሁ ውስጥ መልሶ ይከፈታል። "ማሟያ ናቸው" የሚለው ፍርድ በሦስተኛው ወር ሊቀየር ይችላል፤ ይቀየር፣ ከሥሩ ሌላ መስመር ጨምሩ። የመጀመሪያውን ግን አትሰርዙ። ሐሳባችሁን ያስቀየረ አልበም መጨረሻ ላይ ነጥብ ያገኛል።

የቁጥር ነገር

"ስፖቲፋይ ራፕድ ነግሮኛል እኮ፣ ምን ደረጃ ያስፈልገኛል?" የሚል አይጠፋም። ራፕድ፣ ማለትም የሙዚቃ መተግበሪያው ስፖቲፋይ በዓመቱ ምን እንዳዳመጣችሁ ቆጥሮ የሚያሳያችሁ ማጠቃለያ፣ በዚህ ስሙ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በየዓመቱ ይመጣል፣ ደስም ይላል፣ ግን የሚቆጥረውን እወቁለት። ዓመቱ ሳያልቅ ስለሚወጣ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት አያካትትም። ስፖቲፋይ አንድ ዘፈን ተደመጠ ብሎ የሚቆጥረው 30 ሰከንድ ሲሞላው ነው። የምታዳምጡትን የሚመዘግበው ድረ ገጽ ላስት ኤፍኤም ደግሞ የዘፈኑ ግማሽ ወይም 4 ደቂቃ፣ ቀድሞ የደረሰው ሲሞላ ይመዘግባል። እንግዲህ አስቡት፦ የ2 ደቂቃ ዘፈን በ40 ደቂቃ ውስጥ 20 ጊዜ ይጫወታል፣ የ10 ደቂቃ ዘፈን 4 ጊዜ። ያዳመጣችሁበት ጊዜ እኩል ነው፣ ቁጥሩ ግን አምስት እጥፍ ይለያያል። ትራኮቹ ረጃጅም የሆኑ አልበሞች በዚህ ሁሌ ተጎጂ ናቸው።

ከዚያ ደግሞ ሥራ ስትሠሩ ከጀርባ የምትለቁት ለስለስ ያለ ሙዚቃ አለ። ሺህ ጊዜ ተጫውቶ ይሆናል፣ አንድ ጊዜም ግን ልብ ብላችሁ አልሰማችሁትም። በሌላ በኩል ከባድ ስለሆነ በወር አንዴ ብቻ የምትከፍቱት፣ ስትከፍቱት ግን ሌላ ሥራ የማያሠራችሁ አልበም ይኖራል። ቁጥር ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም።

ጊዜም ያደላል፣ በሁለት አቅጣጫ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ዛየንስ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጥናት ሰው ደጋግሞ ያየውን ነገር በመደጋገሙ ብቻ ወደ መውደድ እንደሚያዘነብል አሳይቷል። ስለዚህ ጃንዋሪ ላይ የወጣው አልበም ለመላመድ ሰፊ ጊዜ አግኝቷል። ኖቬምበር ላይ የወጣው ደግሞ ገና ትኩስ ነው፣ ሞቅታው አልበረደም። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ሁሉንም በመጨረሻው ወር እንደገና መስማት።

ማጥራት

ረጅሙን ማስታወሻ ወደ 20 አካባቢ አውርዱት። ዘዴው ጨካኝ ነው፦ የአልበሙን ስም አንብቡ፣ ሳትከፍቱት አንዲት ዜማ፣ አንድ ስንኝ ወይም አንድ ድምፅ በአፋችሁ ለማምጣት ሞክሩ። ምንም ካልመጣ ይውጣ። "ግን እኮ በጣም ተወድሷል" ምክንያት አይሆንም። በማን ተወደሰ?

የቀሩትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሻፍል (ዘፈኖቹን ቅደም ተከተላቸውን አፋልሶ የሚያጫውተውን) አጥፍታችሁ፣ በአንድ ዓይነት ማዳመጫ ስሟቸው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚንቃት ነገር አለች፤ የድምፅ መጠን። ሁለት ነገር ስናወዳድር ትንሽ ጮክ ያለው የተሻለ ይመስለናል፣ ቤዙ የጠነከረ፣ ድምፁ የጠራ ይመስላል። ስፖቲፋይ በራሱ ጊዜ ሁሉንም ወደ -14 ሉፍስ (የድምፅ ጩኸት መለኪያ ነው) ገደማ ያመጣጥናል፤ ሴቲንግ ውስጥ አጥፍታችሁት ከሆነ ለዚህ ሥራ አብሩት። አንዱን ከመተግበሪያ፣ ሌላውን ከኮምፒውተራችሁ ፋይል እያጫወታችሁ ከሆነ ደግሞ በእጃችሁ አስተካክሉ። አለበለዚያ የሚያሸንፈው አልበሙ ሳይሆን ማስተር ያደረገው፣ ማለትም የመጨረሻውን የድምፅ ማስተካከያ የሠራው ባለሙያ ነው።

ማፋጠጥ

አሁን ዋናው። አስር አልበም ሊደረደር የሚችልበት መንገድ 3,628,800 ነው። ስለዚህ አፍጥጣችሁ "እስቲ ልደርድር" ብትሉ ጭንቅላታችሁ ይዞራል፣ ከዚያም በስንፍና ታዋቂውን ከላይ ታደርጉታላችሁ። ሁለት ሁለቱን ብቻ አፋጥጡ። ጥያቄውም አንድ ነው፦ አሁን አንዱን ብቻ እስከ መጨረሻ ልሰማ ብል የትኛውን እከፍታለሁ? "የትኛው ይበልጣል" ብላችሁ አትጠይቁ፤ እሱ ጥያቄ ወዲያው የሰው አስተያየት ይጎትትባችኋል።

20ውን ሁሉ እርስ በርስ ማጋጠም 190 ፍልሚያ ነው፣ ማንም አይጨርሰውም። አቋራጭ አለ። ሁለቱን አፋጥጡና ደርድሩ። አዲስ የሚመጣውን ሁሌ መሃል ላይ ካለው ጋር አጋጥሙት፤ ካሸነፈ ወደ ላይኛው ግማሽ፣ ከተሸነፈ ወደ ታችኛው፣ ከዚያ የዚያን ግማሽ መሃል፣ እያላችሁ ቦታውን ታገኙለታላችሁ። በዚህ መንገድ 20ኛው አልበም እንኳ ቢበዛ 5 ጊዜ ነው የሚጋጠመው፣ ጠቅላላውም ከ69 አይበልጥም። ሁሉንም ፍልሚያ በድጋሚ ማዳመጥ አያስፈልግም፤ ብዙው ስሙን ስታነቡ ይለይለታል። የሚያንገራግራችሁ ላይ ብቻ ማጫወቻውን ክፈቱ።

አንድ ምሳሌ እንይ። አንዱ አልበም እንከን የለውም፤ ድምፁ ያማረ፣ ቅንብሩ የተጠና፣ 11 ትራክ፣ አንድም የሚያስጠላ የለበትም። ሌላው ሚክሱ (የድምፆቹ ቅልቅል) ሻካራ ነው፣ ሦስት ትራክ ትዘሉበታላችሁ፣ ግን 5ኛው ሲያልቅ እጃችሁ ሳታዙት መልሶ ወደ መጀመሪያው ይወስደዋል። በወረቀት የመጀመሪያው ያሸንፋል። በእኔ ዝርዝር ሁለተኛው። አልበሙን አከብረዋለሁና እከፍተዋለሁ ለየቅል ናቸው።

ሀ ለን አሸንፎ፣ ለ ሐን አሸንፎ፣ ሐ ደግሞ ሀን ቢያሸንፍስ? ይሆናል፣ ጤነኛ ነገር ነው። ሦስቱን አንድ ላይ አስሯቸውና የየአልበሙን ደካማ ትራክ አወዳድሩ። ደካማው ትራክ ሻል ያለው ይቅደም።

ከአንደኛው ደረጃ በላይ ከራሳችሁ ጋር የሚያጣላችሁ የምትወዱት ዘፋኝ ነው። ከልጅነት ጀምሮ የምትሰሙት ሰው አዲስ አልበም ሲያወጣ ውለታው አለባችሁ። "ይሄንኑ አልበም ማንም የማያውቀው ጀማሪ ቢያወጣው ስንተኛ ይሆን ነበር?" በሉ። ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ደረጃ ይወርዳል። እውነት ለመናገር ያማል።

ርቀቱን መለካት

ደረጃ አንድ ነገር ይደብቃል፦ በ1ኛና በ2ኛ መካከል ያለውን ርቀት። የኒውዮርኩ ጋዜጣ ቪሌጅ ቮይስ ፓዝ ኤንድ ጆፕ የሚባል የሐያሲዎች ምርጫ ነበረው። እያንዳንዱ ሐያሲ 100 ነጥብ ለ10 አልበም ያካፍላል፤ ለአንዱ ከ30 መብለጥ፣ ከ5 ማነስ አይቻልም። ይህን በራሳችሁ ላይ ሞክሩት። ለአንደኛችሁ 30 ለመስጠት እጃችሁ ካልተንቀጠቀጠ እውነተኛ አንደኛ አላችሁ። ለሁሉም አስር አስር መስጠት ካማራችሁ ግን ደረጃ የላችሁም፤ ቁጥሩን ተዉትና "የወደድኳቸው አስር" ብላችሁ በፊደል ተራ አውጡት። ከሐሰት ቁጥር ያ ይሻላል። አስሩም ራፕ ከሆኑ ደግሞ ርዕሱን "የዓመቱ ምርጥ ራፕ" በሉት፤ አንዲት የጃዝ አልበም ለይሉኝታ 9ኛ ላይ መሰንቀር ያስታውቃል።

ከእያንዳንዱ አልበም ሥር ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። እዚህ ነው የዓመቱ ማስታወሻ የሚከፍላችሁ። "ልብ የሚነካ ሥራ" አትበሉ፤ 2:10 ላይ የሚሆነውን ንገሩን፣ ሄደን እንሰማዋለን። ስንት አልበም እንደሰማችሁም ከላይ ጻፉ። ከ30 አልበም የወጣ ምርጥ አስርና ከ200 የወጣ ምርጥ አስር አንድ አይደሉም፣ አንባቢም ይህን የማወቅ መብት አለው።

ካወጣችሁት በኋላ ደረጃውን አትነካኩ። "እከሌን እንዴት ረሳችሁ!" የሚል መምጣቱ አይቀርም። ሰምታችሁት ካልወደዳችሁት እንደዚያው በሉት። ካልሰማችሁት ስሙን ተቀበሉ፣ ስሙት፣ ከወደዳችሁት ከዝርዝሩ በታች "ያመለጡኝ" ብላችሁ ከቀኑ ጋር ጨምሩት።